በጃሬድ ላይ የተጠራው ድምፅ

ሜርቭ ስታገር በግ መሸለት ከጀመረ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከዳርሊንግ ወንዝ ወዲህ ባሉት እርሻዎች ሁሉ ሸላቾች ተወካያቸው አድርገው የሚመርጡት እሱን ነው፤ ብዙ ስለማያወራ። እኔ ለሸላቾች ምግብ እያበሰልኩ አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ዞሬያለሁ፤ ዝምታውን እንደ ጨዋነት እቆጥርለት ነበር። የራሴንም እንደዚያው። አሁን ግን እጠራጠራለሁ።

አንድ ዓመት በነሐሴ፣ ሥራ በጀመርን በስድስተኛው ቀን ዝናብ መጣ። የራሰ በግ አይሸለትም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሸላች ሁለት በግ ይሸልትና "እርጥብ" ወይም "ደረቅ" ብሎ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ተወካዩ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል። ማን ምን እንደጻፈ አይጠየቅም። እርጥብ ካሸነፈ ሥራ የለም። ሦስት ቀን በተከታታይ እርጥብ አሸነፈ። ሰዎቹ ካርታ ይጀምራሉ፣ ይተዋሉ። በር ከፍተው ሰማይ ያያሉ፣ ይዘጋሉ፣ መልሰው ይከፍታሉ። ነፋሱ ቆርቆሮውን በመታው ቁጥር አንዱ ብድግ ይላል።

ሥራ የፈታው አፍ ሁሉ ጃሬድ ላይ አረፈ። ጃሬድ ኩዊልቲ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ የተሸለተውን ሱፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በየጥራቱ ይለያል። በመጀመሪያው ቀን ትሮይ የጃሬድን ስልክ አይቶ፣ ከተማ ውስጥ የሚያፈቅረው ወንድ እንዳለው አወቀ። ትሮይ ከሁሉም ፈጣኑ ሸላች ስለሆነ የሚቃወመው የለም። ሥራ ባለበት ቀን ፌዙን የመሸለቻ ማሽኑ ጩኸት ይውጠው ነበር። ዝናቡ ሲመጣ የሚውጠው ጠፋ።

"ሙሽሪት መጣች! ቀበቷችሁን አጥብቁ!" ይላል ትሮይ፣ ጃሬድ ምግብ ቤት ሲገባ።

"በቃህ ትሮይ" ይላል ጃሬድ፣ መጀመሪያ ላይ እየሳቀ።

"ኧረ ተቆጣች! ቀልድ አታውቂም እንዴ ቆንጅዬ?"

ሌሎቹ ይስቃሉ። ሜርቭ ሻዩን ያያል።

ጃሬድ መሳቁን ተወ። ሁሉም ታጥበው እስኪጨርሱ ጠብቆ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ጀመረ። በግ ላይ ምልክት የሚደረግበትን ቀይ ቀለም ፍራሹ ላይ ደፉበት፤ ከዚያ ወዲያ የሚተኛውም የሚበላውም መኪናው ውስጥ ሆነ። እኔ ሳህኑን በፎጣ ሸፍኜ እወስድለት ነበር፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ምግቡ መጀመሪያ በግማሽ፣ በኋላም ሙሉውን ይመለስ ጀመር።

"ግሌኒስ" አለኝ በስምንተኛው ቀን፣ የመኪናውን መሪ ይዞ። "አንዳንዴ ባልኖርስ እላለሁ።"

 ሄጄ ለሜርቭ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

"ዴስ የሚባል ሰው ነበር" አለኝ። "ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። እሱንም እንዲሁ አደረግነው።"

"አደረግነው?"

"እኔ ሳቅሁ። በምሳ ሰዓት ወጣ፤ መኪናውን ወንዙ ዳር አገኘነው። እሱን ደግሞ ከነጋ።"

በማግስቱ ምሳ ላይ ትሮይ ብድግ አለ። "ሜርቭ፣ ባርኔጣህን አምጣ። ድምፅ እንስጥ።"

"በጎቹ ገና አልደረቁም።"

"የበግ ነገር ማን አነሳ? ሙሽሪት ትቆይ ወይስ ትሂድ? ጻፉ፤ ማንም አይጠየቅም።"

አንዱ ወረቀት መቅደድ ጀመረ። ጃሬድ በሩ ላይ ቆሟል፤ የመኪናው ቁልፍ እጁ ላይ ነው። ሁሉንም ሰምቷል።

ሜርቭ ባርኔጣውን አናቱ ላይ ደፋ። "ይሄ ለበግ ነው" አለ።  "እኔ ወረቀት አልጽፍም፤ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ጃሬድ ይቆያል። ፍራሹን ያበላሸውም የራሱን ይስጠው። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ላይ ስቄ ሞቷል።"

"ምነው ሽማግሌው፣ አንተም ከነሱ ነህ እንዴ?" አለ ትሮይ።

"ብሆንስ? በጉ ያመልጠኛል?"

ሆኒ የሚባለው ሸላች ሳቀ፤ በሜርቭ ላይ ግን አልነበረም። እኔም ከምድጃው አጠገብ ሆኜ "ጃሬድ እዚህ ነው የሚበላው" አልኩ። ይቺን ለማለት ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ሳስብ አፍራለሁ።

ጃሬድ ሜርቭን ብቻ ነበር የሚያየው። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ነበርክ?"

"ፈርቼ ነበር።"

"እኔም ፈርቼ ነበር። እኔ ግን መደበቂያ አልነበረኝም።"

 ጃሬድ ቁልፉን ጥቂት ሲያገላብጥ ቆየና ኪሱ ከተተው። "ሱፉን ጨርሼ እሄዳለሁ። ለእናንተ ብዬ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው።"

በማግስቱ በጎቹ ደረቁ። ገና ሥራው ሳይሞቅ ትሮይ "ሙሽሪት፣ ሱፍሽን አንሺ!" ሲል ጮኸ። ሜርቭ የራሱን ማሽን አጠፋ። "ምን አልክ? ድገመው፣ ሁሉም ይስማ።" ትሮይ አልደገመውም። ከሰዓት ግን ሞከረ፤ ሜርቭ እንደገና አጠፋ። ሸላች የሚከፈለው በበጉ ቁጥር ነውና ሜርቭ በቆመ ቁጥር ትሮይ ይበልጠዋል፤ ሜርቭ ግን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ትሮይ "ሙሽ..." ሲል የሜርቭ ማሽን ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሆኒም ጸጥ አለ።