የእትዬ የሻረግ ካባ

ትናንት ቴሌቪዥን ላይ የድሮ ገጠር ድራማ ሳይ ሙሽራይቱ ካባ ደርባ ብቅ አለች። ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ፤ ልቤ በአንዴ ያደግሁባት ቢቸና ደረሰ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሐረር ተመድበው የመጡት መምህራችን የገጠር ሠርግ የሚያሳይ ቴአትር አዘጋጁና እኔን ሙሽራ አደረጉኝ። የሙሽራ ልብስ ስላልነበረን ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ የተዳሩበትን ካባ ከሳጥን አውጥተው አዋሱኝ። ጥቁር ሐር ነው፤ ጫፉ በወርቅማ ክር ተጠልፏል፤ አደስ አደስ ይሸታል። ስደርበው ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

የቴአትሩ ዕለት የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ተጨናነቀ። መድረኩ ላይ ወጥቼ በርጩማው ላይ ስቀመጥ ደስታው አላስችል አለኝና ፈገግ አልሁ።

"ሙሽራ ትስቃለች እንዴ? አቀርቅሪ!" ብለው አንድ ሽማግሌ ጮኹ። ሰዉ አጉረመረመ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ላብ በላብ ሆኑ፤ እኔም ቴአትሩን አበላሸሁት ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ያኔ እትዬ የሻረግ ከሰው መሃል ተነስተው መድረኩ ላይ ወጡ። ሊወስዱብኝ መስሎኝ ካባውን ጨምድጄ ያዝሁት። እሳቸው ግን አገጬን ቀና አደረጉና፣ "ሳቂ ልጄ፤ ይህ ካባ ሲለቀስበት እንጂ ሲሳቅበት አይቶ አያውቅም" አሉኝ። ወደ ሰዉ ዞረው እልልታውን አቀለጡት፤ ግቢው ሁሉ ተቀበላቸው።

ካባ እንዴት አድርጎ ያያል እያልሁ እየሳቅሁ ተዳርሁ። እትዬ የሻረግ ገና ሕፃን ሳሉ፣ ሳይጠየቁ መዳራቸውን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁንም እንዲህ ያለ ድራማ ሳይ ልቤ ይዘላል። ዓይኔ ግን ከጥልፉ በፊት የሚፈልገው የሙሽራይቱን ፊት ነው።