ሸክላው የሚደግመው ስንኝ

እስካሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልገባኝም። ለባልደረባዬ ሠርግ ሞላሌ ስሄድ የአባቱ የጋሽ ወልዴ ሸክላ ማጫወቻ ድንኳኑን ያስጨፍራል። ሸክላው ተጭሯል መሰለኝ፣ አንዷ ስንኝ ጋ ሲደርስ መርፌው ወደ ኋላ እየተመለሰ ሦስት ጊዜ ይደግማታል። አሳዘኑኝ። ያንኑ ዘፈን ስልኬ ውስጥ ፈልጌ በስፒከር ለቀቅኩላቸው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው! እዚያች ስንኝ ጋ ሲደርስ ግን ድንኳን ሙሉ ሰው እኩል ሦስት ጊዜ ደገማት፤ ዘፋኙ ጥሏቸው ሄደ። ለካ ለዓመታት ዘፈኑን የሚያውቁት እንደዚያ ነው። እስክስታው ተበታተነ፣ ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ። ጋሽ ወልዴ ስልኬን ተቀበሉኝ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ አሠራው። ይዘላል።»