ለማርቆስ ሳልጽፍለት የቀረሁት፦ ከሐዋሳ እስከ ቤሌ

ዓርብ፣ ወደ ሶዶ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሐዋሳ መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር።

ማርቆስና እኔ ሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። እሱ ከቤሌ፣ እኔ ከቦዲቲ ነበር የመጣነው። ወደ ወንጌል ያመጣኝም እሱ ነው። በኋላ አገሩ ተመልሶ መዘምራን ያሠለጥን ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን የመጀመሪያ ልጁ ሞተችበት። መጠጥ ጀመረ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፤ በየመሸታ ቤቱም “እግዚአብሔር የሚባል የለም” ማለት አመጣ።

እኔ ያኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪ ሆኜ ገና መመረጤ ስለነበር ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሄጄ አብሬው ማልቀስ ሲገባኝ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አንድ ጊዜ ብርሃን በርቶላቸው ኋላ የካዱትን ሰዎች ዳግመኛ ወደ ንስሐ ማምጣት እንደማይቻል የሚናገረውን ከባድ ክፍል በቀይ እስክሪብቶ ገለበጥኩና ከሥሩ “ይህ ስለ አንተ ነው” አልኩት። መልስ አልመጣም።

ባለፈው ወር ሚስቱ ታደለች ደወለችልኝ።

“ወንድሜ፣ ማርቆስ መጠጥ ከተወ ሁለት ዓመት አለፈው። በየማለዳው ይጸልያል። እሁድ እሁድም አብረን እንሄዳለን፤ ግን ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ይቀመጣል እንጂ አይገባም። ‘ለእኔ አልቋል’ ይላል። ያ ደብዳቤህ እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ነው።”

ከዚህ በኋላ ሐዋሳ ተቀምጦ መተኛት አልሆነልኝም።

ሻሸመኔ ላይ መኪና ቀየርኩ። አላባ ስንደርስ የተሰጣው በርበሬ ሽታ በመስኮት ገብቶ ተሳፋሪውን በሙሉ አስነጠሰው፤ ሾፌሩ ራሱ እያስነጠሰ ይስቅብን ነበር። ሾኔን አለፍን። ቦዲቲ ላይ ለአምስት ደቂቃ ወርጄ የልጅነት አየሬን ሳብኩ፤ የእንሰቱ አረንጓዴ ከዝናብ በኋላ ያብረቀርቃል። ሶዶ ስገባ ዳሞታ ተራራ ግማሹን በጉም ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ጥሬ ሥጋ በዳጣ በላሁ። ዳጣው እንደ ድሮው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ አስተናጋጇም ሳልጠይቃት ውኃ አመጣችልኝ።

ከምሳ በኋላ በባጃጅ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሰፈር ሄድኩ። ከሆስፒታሉ አለፍ ብሎ፣ ማርቆስንና እኔን ያስተማሩን ወንጌላዊ ዳንሳ ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጆሯቸው ከበድ ብሏል፤ ሳቃቸው ግን የድሮው ነው።

“ጋሼ፣ የዳነ ሰው ድነቱን ሊያጣ ይችላል?” አልኳቸው፣ ገና ሳልቀመጥ።

“‘ሳሮ’ ብለህ ሰላም እንኳን ሳትለኝ!” ብለው ሳቁ። “ጎረምሳ ሳለሁ ‘አያጣም’ ብዬ አስተማርኩ። ከዚያ ብዙ ሰው ሲጠፋ አየሁና ‘ያጣል’ ብዬ አስተማርኩ። ከዚያ ደግሞ የጠፉት ሲመለሱ አየሁ።”

“ታዲያ አሁንስ?”

“አሁን መጀመሪያ የጠያቂውን ፊት አያለሁ። በጸጋው የሚቀልድ ከሆነ ‘ተጠንቀቅ’ እለዋለሁ፤ ማስጠንቀቂያው እውነት ነው። የፈራ ከሆነ ‘ጌታ አይጥልህም’ እለዋለሁ፤ ይሄም እውነት ነው። አንተ ለየትኛው ነው የምትጠይቀው?”

የደብዳቤውን ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መጽሐፍ ቅዱሴን ተቀበሉኝ።

“ስትገለብጥ የት ላይ አቆምክ?”

አሳየኋቸው። ጣታቸውን ወደ ታች ወሰዱ፤ ሦስት ቁጥር ብቻ። እዚያ ላይ ጸሐፊው ድምፁ ይለዝባል። አንባቢዎቹን ወዳጆች ይላቸዋል፤ ይህን ያህል ቢያስጠነቅቃቸውም ስለ እነሱ ግን የተሻለውን፣ ለመዳን የሚሆነውን እንደሚያምን ይነግራቸዋል።

“ይሄንን ለምን አልጻፍክለትም? ወረቀት አለቀብህ?”

“አላለቀብኝም ጋሼ። ተናድጄ ነበር።”

“እንግዲያው ሂድና ጨርስለት” አሉኝ። “የካደ ሰው መመለስ አያምረውም። ማንጎ ሥር ተቀምጦ መዝሙር የሚሰማ ሰው ግን አምሮታል።”

ቅዳሜ፣ ወደ ቤሌ

የቤሌው ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ የነጠላ ነጋዴ ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ጭናቸው ላይ የቆሎ ፌስታል። ለምን እንደምሄድ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው።

“እናንተ ‘ድኛለሁ’ ስትሉ እቀናባችኋለሁ፤ ደግሞ እፈራላችኋለሁ” አሉኝ። “እኛ ጠዋት ማታ ‘አድነን’ እያልን ነው የምንኖረው።”

“ዘንድሮ እኔም እንደዚያ ማለት ጀምሬአለሁ” አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁና ቆሎ ዘገኑልኝ።

መንገዱ እየወረደ በሄደ ቁጥር ጃኬቴን፣ ቀጥሎም ሹራቤን አወለቅሁ። እንሰቱ ሳሳ፤ በቆሎና ማንጎ በዛ። በስተምዕራብ ሸለቆው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መኪናው በቆመ ቁጥር ሴቶች ማንጎ በሳህን ደርድረው በመስኮት ይዘረጉልናል፤ አንዱ ሳህን በሃምሳ ብር። እትዬ ጥሩወርቅ ለእኔ ተከራክረው በአርባ አስወረዱልኝ።

እንደምመጣ ታደለች ነግራው ማርቆስ ቤሌ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ምን እንደምለው ስዘጋጅ የመጣሁትን ሁሉ ረሳሁት። እሱ ግን “ሰሌ!” ብሎ በተማሪነት ቅጽል ስሜ ጮኸና አቀፈኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም ከቆጠርኩት በላይ ሆነ። ቤት ስንደርስ ታደለች ሐዋሳ ጎደሬ የሚባለውን፣ እኛ በወላይትኛ ቦይና የምንለውን ቀቅላ ከእነ ትኩሳቱ አቀረበች። ማርቆስ እያጎረሰኝ ስለ ሁሉም ሰው ጠየቀኝ፤ ስለ ደብዳቤው ግን አላነሣም።

ስንጠግብ እኔ አነሣሁት።

“ማርቆስ፣ ልጅህን ቀብረህ ሳትጨርስ ድንጋይ የወረወርኩብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።”

ማርቆስ ደብዳቤውን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አወጣው። መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ቀዩ ቀለም ግን አልደበዘዘም።

“ይቅር ብዬሃለሁ” አለኝ። “ግን የጻፍከው ከቃሉ ነው። ቃሉን እንዴት ይቅር እለዋለሁ?”

ጋሼ ዳንሳ ያሳዩኝን ሦስት ቁጥር ወርጄ አነበብኩለት። እንደገና አንብብ አለኝ፤ አነበብኩ። በሦስተኛው ዙር ራሱ በወላይትኛ አነበበው። ታደለች የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ቆመች።

“እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለ። “በእነዚያ ዓመታት ሰክሬ ቦይ ውስጥ ወድቄ ያደርኩበት ቀን ነበር። ያን ቀን ብሞትስ? ውስጥ ነበርኩ ወይስ ውጭ?”

ስንት መጽሐፍ ያነበብኩበት ጥያቄ ነው። ያን ቅዳሜ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

“አላውቅም” አልኩት። “የማውቀው ያን ቀን አለመሞትህን ነው። እንዳትሞት የፈለገ አለ።”

ማርቆስ አፍጥጦ አየኝና በሳቅ ፈረሰ። “በጌታ! ሰሌ ‘አላውቅም’ ሲል ዛሬ ሰማሁ!” ታደለችም ሳቀች፤ እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ደብዳቤውን እንቅደደው ስለው ግን እምቢ አለ። “ከጀርባው ቀሪውን ጻፍልኝ” ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ሰማያዊ ነበር። ጻፍኩለት፤ ከሥሩም “ይህም ስለ አንተ ነው” አልኩ።

እሁድ፣ ማንጎው ሥር

ሌሊቱን በደስታ ያደረ ሰው ጠዋት ዘሎ ይገባል ብዬ ነበር። ማርቆስ ግን ግቢው ስንደርስ እግሩ ወደ ለመደው ቦታ ወሰደው። ታደለች ገባች። እኔ አብሬው ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። የሚያልፉ ሁሉ ሰላምታ ይሰጡናል፤ አንድም ሰው ግቡ ብሎ አልጎተተንም።

መዘምራኑ ጀመሩ። ማርቆስ ፊቱን ቋጠረ።

“ከፍ አደረጉት” አለ።

“ምኑን?”

“ድምፁን! አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ሊታነቁ ነው።”

እውነትም አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንዶቹ ጠፉ። መሪዋ አቁማ እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ከፍ አለ። ማርቆስ በጉልበቱ ላይ ምት መታ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ በሦስተኛው ሙከራ ላይ “ኧረ በስመ አብ!” ብሎ ተነሣና በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፁ ትክክለኛውን መነሻ አወጣላቸው።

መዘምራኑ አቆሙ። ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ የት እንደቆመ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል፤ ድምፁ ተቆረጠ። ወደ ኋላ ሊመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። መሪዋ ግን እሱ ባወጣው ድምፅ ተቀበለች። ወንዶቹ ተከተሉ። ከፊት ወንበር የታደለች እልልታ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ መዝሙሩንና እልልታውን መለየት አልተቻለም። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው እጁን ያዙት። ሲገባ እያለቀሰ ይዘምር ነበር። እኔ ጫማዬን በአቧራ ሞልቼ በሩጫ ተከተልኩት።

ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ሰባኪ “እንደገና መጠመቅ የለበትም ወይ?” ብሎ ጠየቀ። አንደኛው ሽማግሌ “ያጠመቅነው እኛ፣ ያጠመቅነውም በጌታ ስም። የትኛው ነው የተበላሸው?” አሉት። ክርክሩ ምሳ ድረስ ቀጠለ፤ ማርቆስም መካከላቸው ተቀምጦ በደስታ ቦይናውን ይበላ ነበር።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ማንጎና ጎደሬ የተሞላ ማዳበሪያ አሸክመው ላኩኝ። ሐዋሳ የደረስኩት አመሻሹ ላይ ነው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሳስብ መጣሁ፦ የሚያስጠነቅቀውን ቃል ለራሴ፣ የሚያጽናናውን ለወንድሜ ማንበብ ሲገባኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገልብጬ ይዤው ነበር። የዳነ ሰው ሊጠፋ ይችል እንደሆነ ዛሬም እከራከራለሁ። ስለ እሱ የምከራከርበት ሰው ግን እየሰማኝ መሆኑን አልረሳም።

በሳምንቱ ታደለች ደወለች።

“ምን ሆናችሁ?” አልኳት።

“ምን እንሆናለን! መዘምራኑን ልምምድ አስጀመራቸው” አለችኝ። “ሁለት ዓመት ግባ ብዬ ለመንኩት፤ አሁን ደግሞ ምሳ እየቀዘቀዘ ነው፣ ደውለህ ‘ውጣ’ በልልኝ።”