ጎሊናን ያልተሻገረው ጋሹ

በላይነሽ የሰው የሕይወት ታሪክ አትወድም ነበር። አትወድም ስላችሁ ዝም ብላ አለመውደድ አይደለም፤ የሕይወት ታሪክ የሚባል መጽሐፍ ካየች ፊቷ ይጠቁራል። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሴት ሆና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንዴ ከቆጠረች በኋላ ግን ማን ይቻላት! ሾፌር ረስቶት የሄደው ልብ ወለድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለው፣ ግማሹ ስኳር መጠቅለያ የሆነው፣ ሁሉም ከእሷ ዘንድ ይገባል። መጨረሻው የጠፋውን መጽሐፍ እንኳ አትጥለውም፤ ከራሷ ጨምራ ትጨርሰውና ለጎረቤት ሴቶች ታነብላቸዋለች። ሴቶቹም የቱ ጋ መጽሐፉ አልቆ የቱ ጋ በላይነሽ እንደጀመረች አያውቁም ነበር።

የቀበሌው ንባብ ቤት ኃላፊ ምስኪን ጎልማሳ ነው፤ መደርደሪያው በታጋዮች የሕይወት ታሪክ ታጭቆበት አንባቢ አጥቷል። በሄደች ቁጥር አንዱን አንስቶ ይዘረጋላታል።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይኼን እንኳ ሞክሪው። በእውነት የኖረ ሰው ታሪክ ነው።»

«ተወለደ፣ ተማረ፣ ታገለ፣ ሞተ። ይቺን ለማወቅ ዓይኔን በኩራዝ ላጥፋ? ልብ ወለድ ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ሻዬ ተጥዷል።»

እውነቱን ለመናገር ጥላቻዋ ከዚያም ያለፈ ነበር፤ ደግሞም አይፈረድባትም። በዚያ በደርግ ዘመን የሕይወት ታሪክ ማለት ቀበሌ ጠርቶ የሚያናዝዝህ ነገር ነው። የት ተወለድህ? አባትህ ስንት ጥማድ መሬት ነበረው? በእንትን ዓመት ከእነማን ጋር ነበርህ? በስብሰባ ላይ ቆሞ የሕይወት ታሪኩን የተናገረ ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ በላይነሽ፣ ያልኖረ ሰው ታሪክ ማንንም አያስይዝም ትል ነበር።

ባሏ ጋሹ በዕድሜ ይበልጣታል። ማሽላ ያርሳል፤ በበጋ ደግሞ ግመል ተከራይቶ ቆላ ወርዶ ጨው ያመጣል። ዝምተኛ ነው፤ ግን የሚስቱን ንባብ አንድ ቀን አምልጦት አያውቅም። ሻይ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል። አንድ ምሽት በምታነበው መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ልጅ ከወደደችው ልጅ ስትለይ በላይነሽ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

«እውነት ነው?» አላት ጋሹ።

«ልብ ወለድ ነው አልሁህ እኮ።»

«ታዲያ ላልነበረች ሴት ምን ያስለቅስሻል?»

«አንተ ምን ታውቃለህ!»

አንዳንዴ ታሪኩ ልቡን ሲነካው ጉሮሮውን ይጠራርግና ይጀምራል። «እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ፣ ከወንድሜ ጋር ከብት ስንነዳ...» ይላል። በላይነሽ ከገጹ ቀና ሳትል «ቆይ ጋሹ፣ ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ» ትለዋለች። እሱም ይቆያል። ምዕራፉ ሲያልቅ ሌላ ምዕራፍ አለ፤ ጋሹ እዚያው እንደተደገፈ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤቶቿ ፊት፣ ለሳቅ ብላ፣ «ያንተን ታሪክማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማሽላ፣ ግመል፣ ማሽላ፣ ግመል» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ አያውቅም። አይ በላይነሽ! ያን ጊዜ እንኳ ልብ አላለችም።

የሰባ ሰባትን ክፉ ቀን እንደምንም ተያይዘው አለፉት። ዝናቡ ሲመለስ ግን ወባው አብሮ መጣ፤ ጋሹ በጥቅምት ተኛ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ልጃቸው ጥሩወርቅ ገና ከእናቷ ጀርባ ያልወረደች ሕፃን ነበረች።

በራያ ለቅሶ ላይ አልቃሽዋ ዝም ብላ አታለቅስም፤ የሟቹን ሞያ ከቤተ ዘመድ ጠይቃ ነው የምታወርደው። የዚያን ቀን አልቃሽ የነበረችው እትዬ የሺ፣ ከቀብር መልስ ወደ በላይነሽ ጠጋ ብላ «በይ እንግዲህ የጋሹን ነገር ስጪኝ» አለቻት። «ከየት መጣ? ምን አለፈበት? ማንን አተረፈ?»

በላይነሽ ማሰብ ጀመረች። አብራው ከኖረች ስንት ዘመኗ! ሽሮው ላይ ቃሪያ እንደሚወድ ታውቃለች። ሲተኛ በቀኙ እንደሚዞር ታውቃለች። ከዚያ በፊትስ? ከየት ነው የመጣው? እናቱ ማን ትባል ነበር? ሰዉ ይጠብቃል፤ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ባሌን አላውቀውም ብላ በለቅሶው መሃል ትናገር? አፈረች። የዚያኔ መጨረሻው የጠፋ መጽሐፍ እንደምትጨርሰው ሁሉ ከራሷ ቀጠለች።

«ጎሊና ሞልቶ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ አንዲት ሴት በጀርባው አዝሎ ተሻግሯል» አለች። «ማዶ የጠበቁትንም ሽፍቶች ብቻውን መልሷል።»

የሺ ይኼን ካገኘች ምን ቀራት! ድምጿን ከፍ አድርጋ አወረደችው፦

ወንዙን የሚሻገር ሴት አዝሎ በጀርባ፣
እንዲህ ያለው ጋሹ አፈር ውስጥ ሊገባ!

ጋሹን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ሁሉ ደረቱን መታ። ቆቦ እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቶ አያውቅም ተባለ፤ በላይነሽም በሐዘኗ መሃል ትንሽ ኩራት ተሰማት።

በሣልስቱ፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ደሳለኝ ሊያጽናናት መጥቶ ተቀመጠ። ጨዋታ እንዲሆናት ብሎ «የቀብር ዕለትኮ አንድ ሽማግሌ ገጠመኝ» አላት። «ሸረፈዲን ነኝ አሉኝ፣ ከጎብዬ በታች ካለው ቆላ የመጡ። የአንድ ጋሹ የሚባል ወዳጃቸውን ሞት ገበያ ላይ ሰምተው ነው አሉ፤ ሰዎች ቤቱ ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት ነው ብለዋቸዋል። እኔ ዘንድ ቆመው ለቅሶውን አዳመጡና ማን ነው ይኼ የሚለቀስለት አሉኝ። ጎሊናን ሲሞላ የተሻገረው ጋሹ ነው አልኋቸው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች በላይነሽ።

«ሳቁ። እንግዲያው የኔው አይደለም አሉ። የኔ ጋሹ እንኳን ጎሊናን የእግር ውሃ የማይሻገር ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ላይ ጉድ አለበት፤ ወንዝ ከሞላ ቀኑን ሙሉ ዳር ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል አሉኝ። ከሞትሁ ለባለቤቴ ንገርልኝ ያለኝ ነገር ነበር፤ በሕይወት ካለማ ራሱ ይነግራታል፣ አልሐምዱሊላህ አሉና ደስ ብሏቸው ሄዱ። የይለፍ ወረቀታቸው የዚያኑ ዕለት ብቻ የሚሠራ ስለነበር፣ ኬላው ሳይዘጋ ለመድረስ እየተጣደፉ ነበር።»

በላይነሽ ጋሹ «ከወንድሜ ጋር ከብት ስንነዳ» ብሎ የጀመረው ትዝ አላት። ጋሹ ወንድም እንዳለው፣ ወይም እንደነበረው፣ ከዚያች ከተቆረጠች ቃል በቀር የምታውቀው የለም።

በማግስቱ ተነሥታ ሽማግሌውን ፍለጋ መሄድ ነበረባት። ግን አርባው ሳይወጣ ሐዘንተኛ ገበያ አትወጣም፤ የሰው አፍ ፈራች። አርባው ሲወጣ ጎብዬ ወርዳ ሻጩን ገዢውን ጠየቀች። አንዲት ቅቤ ሻጭ ሸረፈዲንን አወቀቻቸው።

«እሳቸውማ ከነቤተሰባቸው ለሰፈራ ተጭነዋል፤ መተከል ነው አሉ ወይ ወለጋ። መኪናው ላይ ሲወጡ እንኳ የቆቦውን ወዳጄን ሳልሰናበተው እያሉ ነበር» አለቻት።

በላይነሽ እዚያው ገበያው መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለባሏ ከልቧ ያለቀሰችው የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ አንስታ ሁለት ገጽ አልገፋችም። ግጥሙ ግን ከየሺ አፍ ወጥቶ በየለቅሶው ዞረ፤ ሴቶች ሲያገኟት «እንዴት ያለ ወንድ ነበረሽ!» ይሏታል። ውሸት ነው እንዳትል፣ በውሸቱ ቦታ የምታስቀምጠው እውነት የላትም።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ክረምት ሲቀረው፣ ጥሩወርቅን ይዛ ወደ ቆላው ለዘመድ ጥየቃ ስትወርድ ጎሊና ሞልቶ ጠበቃቸው። ከሌሎች መንገደኞች ጋር ዳር ተቀምጠው እስኪጎድል ይጠባበቁ ጀመር። ጥሩወርቅ ድፍርሱን ውሃ ስታይ ቆየችና፣ መንገደኛው እንዲሰማላት ጮክ ብላ «አባቴ ቢኖር ይኼኔ አሻግሮን ነበር» አለች።

በላይነሽ ልጇን አየቻት። «አያሻግረንም» አለቻት። «አባትሽ ውሃ ይፈራ ነበር።»

«ውሃ? ለምን?»

«አላውቅም።»

«አልነገረሽም?»

«ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር» አለች በላይነሽ። «ቆይ ያልሁት እኔ ነኝ።»