ልክ የመሰለ ሰዓት

ዓባይ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግረው ባጃጆች ከሚቆሙበት ትንሽ ገባ ሲሉ፣ ቀለሙ የለቀቀ «ሸሪፋ ኮምፒውተር ጥገና» የሚል ታፔላ አለ። አድሺው ብሎ ያልመከራት የለም። «የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ የማያውቀኝ ይጠይቅ» ትላለች። እውነቷን ነው። የትኛውም ባለባጃጅ ቢጠየቅ «ሸሪፋ ሊኑክስ ጋ ነው?» ብሎ በሯ ላይ ያወርዳል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፤ ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷም አልጠላችውም። ደስ ያላት ቀን ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ሊኑክስ ነኝ» ማለት ይቀናታል።

ሸሪፋ የጀልባ ሠሪው የአሕመድ ልጅ ናት። ጣና ዳር ተወልዳ በደንገል ክምርና በዋንዛ ፍላጭ መሀል ነው ያደገችው። አባቷ አንድ ሕግ ነበራቸው። አዲስ ጀልባ ሲያልቅ ሠሪው ራሱ፣ ያውም ከገዛ ልጁ ጋር፣ ሳይሳፈርበት ለባለቤቱ አይሰጥም። ትንሿን ሸሪፋን ከፊት ያስቀምጡና ጥልቁ ድረስ ቀዝፈው ይመለሳሉ። «በሰው ነፍስ አይሞከርም፤ የሚሞክር በራሱ ይሞክር» ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ሸሪፋ ይዛው ሱቅ ገባች። አዲስ የወጣ ሊኑክስ ሲመጣ መጀመሪያ በገዛ ላፕቶፗ ላይ ትጭነዋለች፤ ስትሠራበት ሰንብታ ካመነችው በኋላ ነው የሰው ማሽን የምትነካው።

ሙያውን ያገኘችው በአቤቱታ ነው። ትምህርት እንደጨረሰች ማመልከቻና አቤቱታ በሚተየብበት አንዲት ክፍል ተቀጥራ ነበር። የቤቱ ብቸኛ ኮምፒውተር አንድ ቀን በቫይረስ ተበላና የስንት ሰው አቤቱታ ውሃ በላው። ባለቤቱ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ወረቀት ሊያስተይብ የመጣ አንድ ተማሪ ከቦርሳው ሊኑክስ ያለበት ሲዲ አውጥቶ ሰጣት። «ይኸ በነጻ ነው። የተሠራበትን ማንም ያያል፣ ማንም ያስተካክላል፣ ማንም ለማንም ይሰጣል» አላት። ሸሪፋ አላመነችም። ነጻ ነገር ጉድ አያጣም ብላ ሲዲውን ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው። ሆኖም ጫነችው፤ ኮምፒውተሩም ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሊኑክስ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ ወደ ሐይቁ ትጠቁማለች፤ «ጣና የማን ነው? መረብ ያለው ሁሉ ያጠምድበታል። ይኸም እንደዚያ ነው» ትላለች።

ደንበኞቿን ታስቃለች፤ ትቆጣለችም። አንዴ አንድ ከአንበሳሜ የመጣ መምህር ላፕቶፑን ተረክቦ «ድሮ ታች በግራ በኩል የነበረው ቁልፍ የት ሄደብኝ?» ብሎ ቢጨነቅ፣ «መምህር፣ ቤት ሲቀይሩ በሩም አብሮ ይቀየራል፤ ድሮ በር የነበረበት ሄደው ግድግዳ አይግፉ» አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሳያነቡ የሚዘጉትን ደግሞ አትምራቸውም። «ሲናገር አድምጡት እንጂ! አፉን ነው እንዴ የምትይዙት?» ትላቸዋለች። ይህን ምክር እሷ ራሷ እንደማትሠራበት ግን ማንም አያውቅም። ሸሪፋ የመልእክቱን የመጀመሪያ መስመር አይታ ቀሪውን «አውቀዋለሁ» የምትል ሴት ናት። ብዙ ጊዜም ታውቀዋለች።

እንግዲህ ይህች ሴት፣ የሰውን ማሽን ከሞት የምታስነሳዋ፣ ዘንድሮ በገዛ ልጇ ተፈተነች። የመጀመሪያ ልጇ ኢልሃም በኮምፒውተር ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ዓመት አለፋት። በየመሥሪያ ቤቱ ያስገባችው ማመልከቻ መልስ አጣ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ እንደ ጓደኞቿ ዐረብ አገር ለመሄድ ወሰነች። ጉዳዩ አልቆ፣ የምትሄድበት ቀን ለመጪው ረቡዕ ተቆርጧል። አባቷ ሀይደር የጀልባ ሞተር የሚጠግን ዝምተኛ ሰው ነው፤ «ምን እናደርጋለን?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ሸሪፋ ግን ሌሊት ሌሊት ትራሷን ስታርስ ከረመች። «የሰው ሁሉ ኮምፒውተር እየጠገንሁ የራሴን ልጅ የሰው ቤት ልታጥብ ልሸኛት?» ትል ነበር።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶ ነበር። ናይሮቢ ያለ አንድ ድርጅት ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎችን፣ ባለችበት ሆና በኢንተርኔት የምትረዳ ሠራተኛ ይፈልጋል። ኢልሃም አመልክታ የመጨረሻው ዙር ደረሰች። ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ የምትሠራበትንም ማሽን እያሳየች ነው የሚያነጋግሯት። ካለፈች ትቀራለች፤ ካላለፈች ረቡዕ ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ የኢልሃም ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሞተ።

ሐሙስ ጠዋት ሸሪፋ ሱቋን ከማንም ቀድማ ከፈተች። «አይዞሽ፣ ለዚህ ነው የተፈጠርሁት» አለቻት ልጇን። ከመደርደሪያዋ ደህና ዲስክ መርጣ ገጠመች፣ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰካች፣ «ቢስሚላህ» ብላ አስነሳችው። መጀመሪያ ሳትጭነው ከፍላሹ ላይ ሞከረችው። ካሜራው ያያል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ዋይፋዩ ይይዛል። «አየሽ? መርከብ ነው» አለች። ከዚያ መጫን ጀመረች።

እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር ማሽኑም አብሮ ድርግም አለ። ውስጡ ደግሞ ቀኑን የምታስታውሰው፣ አዝራር የምታክል ባትሪ ሞታለች፤ የሰው ቢሆን ድሮ ትቀይራት ነበር፣ የልጇ ስለሆነ ነገ ነገ ስትል ከረመች። መብራት ሲመለስ ማሽኑ የተሠራበትን ዘመን እየቆጠረ ተነሳ። ሸሪፋ ተሳድባ እንደገና ከመጀመሪያው ጫነች። የስልኳን ዳታ ለቃለ መጠይቁ ልቆጥብ ብላ ኢንተርኔቱን አጥፍታለች። ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል የሚያደርገውንም ምርጫ አጠፋችና ግድግዳዋ ላይ ወዳለው ካላንደር ቀና ብላ ቀኑንም ሰዓቱንም በእጇ ሞላች። ለደንበኛ ማሽን ቢሆን ተኝታም አትሳሳትም። ዛሬ ግን እጇ ላፕቶፑ ላይ፣ ልቧ ረቡዕ ላይ ነበር።

ተጭኖ አለቀ። ቋንቋው ተስተካከለ፣ የአማርኛ ፊደሉ ገባ፣ ሁሉም አማረ። ኢልሃም ቃለ መጠይቁ የሚደረግበትን ገጽ ልትሞክር ኢንተርኔቱን አገናኝታ ብትከፍት፣ «ግንኙነቱ አያስተማምንም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከሥሩም በእንግሊዝኛ ረጅም ጽሑፍ። ሸሪፋ የመጀመሪያውን መስመር አየች።

«ኔትወርክ ነው» አለች። ሲሙን ቀየረች። ያው ነው። በሌላ የድረ ገጽ ማሰሻ ሞከረች። ያው ነው። በስልኳ ስትከፍተው ገጹ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ላፕቶፑ ግን ሌላውንም ገጽ ሁሉ አላስገባ አለ። ኔትወርኩን ሰደበች፣ ዲስኩን ሰደበች፣ አንድም ቀን ሰድባው የማታውቀውን ሊኑክስንም ሰደበች። ለሦስተኛ ጊዜ ልጫነው ብላ ፍላሹን ስታነሳ፣ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው እትዬ የሺመቤት በበሩ ብቅ አሉ።

«ሸሪፋ፣ ምን ሆነሽ ነው ከጠዋት ጀምሮ የምትጮኺ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እስኪ ቁጭ በይ።»

«እትዬ የሺመቤት፣ እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ስምንት ሰዓት እየደረሰብኝ እኮ ነው!»

ኢልሃም አንገቷን ደፍታ ነበር። «እማ፣ ተይው በቃ» አለች ቀስ ብላ። «ምናልባት የአላህ ፈቃድ አይደለም።»

ሸሪፋ ይህን ስትሰማ ቱግ አለች። «የአላህን ፈቃድ ከእኔ ጥፋት ጋር አታደባልቂብኝ! አንድ ቦታ ያጠፋሁት አለ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ፤ አገኘዋለሁ።»

የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። ሸሪፋ ፍላሹን አስቀምጣ አዳመጠች። አዛኑ ሲያልቅ ኢልሃም «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ ጠየቀች።

ሸሪፋ የላፕቶፑን ጥግ አየች። «ስድስት ሰዓት ከሩብ። ገና ነው፣ አይ...» ብላ ቃሏን ዋጠች።

እንደገና አየች። ስድስት ሰዓት ከሩብ ይላል። አዛኑም እንደዚያው፣ ምሳ የናፈቀው የእትዬ የሺመቤት ሆድም እንደዚያው።

«እማ?»

«ቆይ። ይኸ ላፕቶፕ ከመቼ ወዲህ ነው የእኛን ሰዓት የሚያውቅ?»

ላፕቶፕ ስድስት ሰዓትን አሥራ ሁለት ነው የሚለው። የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ስክሪን ሲያይ በልቡ ስድስት ቀንሶ ነው የሚያነብ፤ ከልማድ ብዛት መቀነሱንም አያውቀውም። ዛሬ ግን የሚቀነስ ነገር የለም፤ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ስህተቱም ይኸው ነው። ጠቋሚውን አስጠግታ ቀኑን ገለጠችው። ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብላ፣ ዓመቱንም ከግድግዳው ቀድታ 2018 ብላ ሞልታዋለች። ማሽኑ የሐበሻን ዘመን ከየት ያውቃል? የፈረንጅ ነው ብሎ ተቀበላትና ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ደግሞ እኔ ነኝ የሚልበት መታወቂያ አለው። በቅርቡ የታደሰ መታወቂያ እዚያ ዘመን ላይ ለተቀመጠ ማሽን ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው፤ የከርሞ ቀን የተጻፈበት የቀበሌ መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው እንደሚመልሱት፣ እሱም ሁሉንም ከደጅ መለሳቸው። ከማስጠንቀቂያው ግርጌ፣ ሸሪፋ ያላነበበችው ቦታ ላይ፣ «የኮምፒውተርዎን ቀን ያረጋግጡ» ተብሎ ተጽፎላታል።

ሸሪፋ ግንባሯን መታች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ እንባም የቀላቀለ ሳቅ። «ወላሂ፣ ማሽኑ ደህና ነው! እኔ ነኝ በሐበሻ አቆጣጠር ያበድሁ!»

ሰዓቱ ራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ምርጫ መልሳ አበራችው። በጥጉ ያለው ስድስት ዘሎ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ኢልሃም ገጹን ብትነካው ተከፈተ። እናትና ልጅ ተያዩ።

ይህን ጊዜ ሀይደር በር ላይ ቆሟል። ከጀልባው የፈታውን ትልቅ ባትሪ ተሸክሞ ከሐይቁ ዳር በባጃጅ መጥቷል። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ሣጥን ገጣጥሞ ላፕቶፑን ሰካበት። «መብራት ቢሄድ...» ብሎ ቀሪውን ሳይጨርስ ባትሪው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲያወራ ቃል ያጥረዋል፤ ሲሠራ ግን ያስብበታል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ኢልሃም ሻርፗን አስተካክላ ካሜራው ፊት ቀረበች። ሸሪፋ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣችና መንገዱ ዳር ቆመች። ጥሩምባ ሊነፋ የቃጣውን ባለባጃጅ ሁሉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጇ አስቆመችው። «ልጄ ፈተና ላይ ናት! ዝቅ አድርገው!» አንዱ ቢያጉረመርም «የስልክህን መስታወት ማን ነው የቀየረልህ?» አለችው፤ ዝም ብሎ አለፈ። እውነቱን ለመናገር የምትጠብቀው ባጃጁን አልነበረም። ውስጥ ሆና የልጇን ፊት እያየች መቆም አልቻለችም።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። የመንደሩ ራዲዮ ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ሸሪፋ ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። ከውስጥ የኢልሃም ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዴም ሳይቋረጥ ይፈሳል። እንዲያውም እየጠነከረ ሄዶ አንድ ጊዜ ስትስቅ ተሰማች። ሸሪፋ እንግሊዝኛውን ሁሉ አልተከታተለችውም፤ ስለ ሰዓት እያወራች መሆኑን ግን ለየች። ልጅቱ የዛሬውን ጉድ እየነገረቻቸው ነው! ማሽንሽ ቢበላሽ እንዴት ታስተካክያለሽ ብለው ቢጠይቋት፣ የእናቷን ስህተትና የእናቷን መፍትሔ አንድ በአንድ እየዘረዘረችላቸው ነው። ሸሪፋ ትናደድ ወይ ትኩራ አላወቀችም፤ ኮራች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ። ኢልሃም ደፉ ላይ ቆመች። የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ከሰኞ ጀምሪ አሉኝ፣ እማ። እዚሁ ሆነሽ አሉኝ።»

ሸሪፋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቃል አጥሯት የማታውቀው ሸሪፋ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተዘርፍጣ ጩኸቷን ለቀቀችው። ውስጥ ሀይደር ባትሪው አጠገብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጩኸቱ ድልድዩ ድረስ ተሰማ። ባለባጃጆቹ ቆመው ዘለው ወረዱ፣ ሰዉ ከየሱቁ ወጣ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ሮጠው መጡና ሸሪፋን በትከሻዋ ያዟት።

«ወየው ልጄ! ማን ሞተ? ማን ነው የሞተ?»

ሸሪፋ እንባዋ እየወረደ፣ ሰዉም ሁሉ እየሰማ፣ ጮኸች።

«ማንም! አትሄድም፣ እትዬ የሺመቤት! ልጄ አትሄድም!»