በበሶ ውስጥ የቀበርኩት ጠርሙስ

እናቴ ነበረች፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በአንድ ክፍል ቤት ያሳደገችን። ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ። ካዛንቺስ ፖስታ ቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ጥቅል የምትፈትሽ ሴትዮ ነበረች። እኔም ነበርኩ፤ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት። ከአራታችን ሌላ በዚህ ነገር እጁን ያስገባ ሰው ስለሌለ፣ ጥፋቱን የማሳብብበት ሰው የለኝም።

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ለጓደኛሽ በፖስታ የምትልኪውን ሽቶ በካልሲ ጠቅልለሽ ከልብሱ መሃል ስትደብቂ፣ "አባዬ፣ ማን ያያል?" አልሽኝ። ብልቃጡን ነጥቄሽ ጮህኩብሽ። ሁለት ቀን አኮረፍሽ፤ እውነትሽን ነው። ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ነበርና ጣቴን አረጠበው። በእጄ ሽቶ ይዤ የሸተተኝ ግን የሻገተ በሶ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ቄራ አካባቢ ባለ መጋዘን ጥሬ ቆዳ ላይ ጨው እነሰንስ ነበር። የተማርኩትን የተማርኩት ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከግድግዳ ላይ ነው። የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም ነበር። በዚህም እኮራ ነበር፤ ኩራቱ ከዕውቀቱ ይበልጥ ነበር። በቤታችን የተማረችው እህቴ ናት። አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ሥራ ስታጣ ወደ ቤይሩት ሄደች።

አንድ ቀን ደብዳቤዋ መጣ። የአሠሪዋ ወንድም ሐኪም ኖሮ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ካሳየች ክሊኒኩ ውስጥ እያሠለጠነ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። ኮፒ አይቀበልም። "ወንድሜ፣ ከዚህ ወለል እጥበት የምወጣባት በር እሷ ናት" ይላል ደብዳቤው። ከታች በትንሹ፣ ራስ ምታት አላስተኛኝ ብሏል የሚል ቃል ነበረበት። እኔ ያነበብኩት በሩን ነው፤ እናቴ የሰማችው ራስ ምታቱን ነው።

በማግስቱ ንጋት ላይ እናቴ ከቂርቆስ ጠበል ቀድታ መጣች። የቀዳችበት ጠፍጣፋ የአረቄ ጠርሙስ ነው፤ ሽታው እንዲለቅ ሰባት ጊዜ አጥባዋለች። ሰርተፊኬቱ ከጠበሉ ጎን ይቀመጥ፣ መንገድ ይከፍትለታል፣ ከክፉም ይጠብቀዋል አለች። እኔ ፈሳሽ መላክ ክልክል መሆኑን ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነበርና ነገርኳት።

"ጠበል ፈሳሽ ነው እንዴ?" አለችኝ። "ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አንብበህ ቄስ ሆንክብኝ?"

ሳቅሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሳቁ በታች እኔም አምኛታለሁ። ጠርሙሱን በላስቲክ አስሬ በአምስት ኪሎ በሶ መሃል ቀበርኩት፤ ሰርተፊኬቱን በፖስታ አድርጌ ከበሶው ከረጢት ጎን አስቀመጥኩት። የክዳኑ ጥርስ ትንሽ ይላላ ነበር። አይቼዋለሁ።

በባምቢስ በኩል በእግራችን ካዛንቺስ ወጣን። ያን ጊዜ ጥቅል የሚፈተሸው ክፍት ሆኖ ነው፤ ከተፈተሸ በኋላ እዚያው በአቡጀዲ ይሰፋል፣ አድራሻው በጨርቁ ላይ ይጻፋል፣ ስፌቱ በቀይ ሰም ይታተማል። ክፍሉ የቀለጠ ሰምና የበርበሬ ሽታ ነበረው። ከላይኛው መስኮት የሚገባው ብርሃን የበሶውን ብናኝ ሲያሳይ ትዝ ይለኛል።

ፈታሿ ሴትዮ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ሰርተፊኬቱን አየችና፣ ይህን ለብቻው በሪኮማንዴ ላከው አለችኝ፤ ተመዝግቦ በፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ጥቅል ግን ይዘገያል። እናቴን ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አብሮ ይሂድ አልኩ።

"ፈሳሽ ነገር አለበት?"

"የለም፣ እትዬ።"

እጇን ወደ በሶው ሰደደችና መለሰችው። "እንዳንተ ያለ ጨዋ ልጅ ቢበዛልኝ ሥራዬ በቀለለ ነበር" አለች። ጆሮዬ ጋለ። እናቴ መርፌዋን አውጥታ መስፋት ጀመረች።

አድራሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሱቅ በገዛሁት ሰማያዊ ማርከር፣ በትልልቅ የላቲን ፊደል። አድራሻ በወረቀት ተጽፎ በውስጥም ይቀመጥ ይል ነበር ግድግዳው። በእጅ ጽሑፌ ስለምኮራ አላስቀመጥኩም።

ጥቅሉ የሄደው በጥር ነው። የካቲት አለፈ። እህቴ በጎረቤት ስልክ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ "ደረሰ?" ሆነ፤ ከዚያ ሰላምታውንም ተወችው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ደረሰኙን ይዤ ካዛንቺስ እወጣለሁ፤ ያለው መልስ ጠብቅ ነው። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ክሊኒኩ ሌላ ሴት ቀጠረ። እኔ ግን ደረሰኙን ይዤ መሄዴን አላቆምኩም፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ።

ሰኔ ላይ ፈታሿ ሴትዮ ከሩቅ አይታኝ በእጇ ጠራችኝና ወደ ኋለኛው ክፍል ወሰደችኝ። በሶ ጠፋብኝ እያለ የሚመላለስ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሽታው ገና በር ላይ ተቀበለኝ። አቡጀዲው ቡናማ ሆኗል። አድራሻው የነበረበት ቦታ ሰማያዊ ኩሬ ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል አይነበብም። ላኪም ተቀባይም የሌለው ጥቅል ተብሎ፣ ከተማውን እንኳ ሳይለቅ፣ አምስት ወር ጥግ ላይ ተቀምጧል። እኛ ባሕር ተሻገረ እያልን ስንጸልይለት፣ እሱ ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር።

ፈታሿ ስትከፍተው በሶው እንደ ድንጋይ ደርቆ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ሰርተፊኬቱ ከፖስታው ጋር ተጣብቋል፤ ማኅተሙ ፈሷል፣ ውጤቱ ጠፍቷል። የቀረው ፎቶዋ ነው።

"ይህቺ ልጅ ምንህ ናት? ግንባራችሁ አንድ ነው" አለችኝ።

"እህቴ ናት።"

ጠርሙሱን ከደረቀው በሶ መሃል አወጣችው። ታች ትንሽ ቀርቶበት ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እኔን።

"ስንት ሰው ዋሽቶኛል። አንተን ግን አልጠረጠርኩም።"

ደንቡን ልታነብልኝ ጀመረች፤ እኔ በቃሌ ጨረስኩላት። የተከለከለ ዕቃ በመጨመሩ ለደረሰ ጉዳት ካሳ አይከፈልም። ከእኛ ጥቅል ሥር የነበረ የሕፃን ልብስም ማርከሬ አበላሽቶታል። ባለቤቱን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እህቴ ስትደውል እናቴ ገበያ ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠርሙሱን፣ ክዳኑን፣ ውሸቴን። ምትኩን ለማውጣት ራሷ መቅረብ እንዳለባትም ተናገርኩ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "ለእማዬ ሰርተፊኬቱ ነው የጠፋው በላት" አለችኝ። "ጠበሉ ግን ደረሰ በላት። ራስ ምታቱ ለቀቃት በላት።"

እንደዚያው አልኩ። እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ለስለቷ ዣንጥላ ገዝታ ለቂርቆስ አስገባች፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ያ ዣንጥላ ሲወጣ ባየች ቁጥር ጎኔን በክንዷ ትነካኝ ነበር። እኔም ቀና ብዬ አያለሁ። ውሸት አትናገሩ እያልኩ ያሳደግኋችሁ አባታችሁ፣ ያንን አንድ ቀን እንኳ አላስተካከልኩም። እናቴ ያንኑ እንዳመነች ሞተች። እህቴ ወለል ስታጥብ ከርማ ስትመለስ፣ ከቀብሩ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። የራስ ምታቱ አሁንም አለባት፤ አክስትሽ ስትመጣ መጋረጃ ዝጉ የምትለው ለዚህ ነው።

ሽቶውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ፖስታ ስንት ያስከፍላል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ የእኔን ይኸው። ፖስታው ስልሳ አራት ብር፣ አቡጀዲና ክር ዘጠኝ ብር፣ ማርከር ሦስት ብር፣ ዣንጥላ መቶ አርባ ብር። ጠበሉ በነፃ ነው። በጠቅላላው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ብር፣ የእህቴም ዘጠኝ ዓመት።