በመጋረጃ ውስጥ ያደረች መብራት

ባለፈው ሳምንት ማኪናዬ ለሦስተኛ ጊዜ አልነሣ አለችኝ። የምኖርባት የስዊድን ከተማ በዚህ ወር በረዶዋ እስከ ጉልበት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሩቅ ስለሆነ፣ እሑድ ጠዋት ቁልፉን ባዞርሁ ቁጥር ልቤ ፍስስ ማለት ጀምሮ ነበር። ባትሪውን ቻርጅ ባስደርገው ሁለት ቀን ይቆይና ይሞታል። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ መካኒክ መጣ። መለኪያውን አገናኝቶ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቁጥሩን ሲያይ ቆየና፣ ከፊተኛው ወንበር ፊት ያለውን መሳቢያ ከፈተ። ስልኩን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጎ ውስጡ አስቀመጠና ዘጋው። አውጥቶ ሲያሳየኝ፣ ክዳኑ ተዘግቶም የባቄላ ፍሬ የምታክል አምፖል ቦግ ብላ ትበራለች።

ሰውዬው ፈገግ አለ። እኔ በረዶው ላይ ቆሜ አማተብሁ። እንዲህ ያለች አምፖል አውቃለሁ።

ያደግሁት አምባ ጊዮርጊስ ነው። ስዊድንን እስካይ ድረስ ከአምባ ጊዮርጊስ ክረምት የባሰ ብርድ ያለ አይመስለኝም ነበር። በነሐሴ ጉሙ ከጣሪያ ላይ ወርዶ ግቢ ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞ ይደርስና መልኩ በኋላ ይከተላል። አባቴ በገበያ ቀን ገብስና ድንች ጭኖ ጎንደር የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ከመሪው አጠገብ የእመቤታችንን ሥዕል አድርጎ፣ በላይዋ ከእናቴ የክት ቀሚስ ትራፊ የተሰፋች ወፍራም ቀይ የከፋይ መጋረጃ ሰቅሎላት ነበር። ሲነዳ ይገልጣታል፤ ማኪናዋን ሲያቆም ይጋርዳታል። «ሥዕል ሰው በሌለበት ተገልጦ አያድርም» ይል ነበር። ይህን ሳያደርግ ከማኪናው ወርዶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ መውለጃዋ ቀርቦ እኛ ዘንድ መጥታለች። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ውስጥ ምጥ ጠንቶባት አጥታው፣ እርሷም ለጥቂት ነበር የተረፈችው። የጎንደሩ ሐኪም «አሁንማ ምጥ እንደጀመረሽ ሳትውዪ ሳታድሪ እዚህ ድረሺ» ብሏታል። ስለዚህ ያች አሮጌ ማኪና የቤቱ ሁሉ ተስፋ ነበረች።

ፍልሰታ ሲገባ ተሳልሁ። «እመቤቴ፣ እታለም በሰላም እስክትገላገል ከሥዕልሽ ፊት መብራት አይጠፋም» አልሁ። ቤታችን ሥዕል ሳይጠፋ የማኪናዋን የመረጥሁት፣ እህቴን ይዛት የምትሄደው እርሷ ናት ብዬ ነው። ሬዲዮ የሚጠግን ጎረቤታችንን ለምኜ ከመጋረጃዋ ሥር ትንሽ አምፖል አስገጠምሁ። አባቴ ፈቅዷል፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። እርሱ ያላወቀው፣ ጎረቤታችንን ለብቻው ጠርቼ «ቁልፉ ሲዘጋም እንዳትጠፋ አድርግልኝ» ማለቴን ነው። የሬዲዮ ሰው ነውና ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ላይ አሰረልኝ። አባቴ ቁልፉን ከመዝጋቱ በፊት መጋረጃዋን ስለሚዘጋ ብርሃኑ ከውጭ አይታይም። እኔ ብቻ ሲመሽ ብቅ ብዬ እጄን ከፋዩ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቅ ይላል። ጸሎቴ እየደረሰ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሱባኤው በገባ በአራተኛው ቀን ማኪናዋ አልነሣ አለች። የማስነሻው ሞተሪኖ ቀጭ አለና ጸጥ። ጎረቤት ተጠርቶ በግፊ ተነሣች። ሁለት ቀን ቆማ እንደገና እንዲያው። አባቴ የባትሪውን ውኃ ሞላ፣ ጫፎቹን በፈላ ውኃ አጠበ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አስፈተሸ። ዲናሞው ደኅና ነው። ሰፈሩ መቀለጃ አደረገን።

«ምነው አያ አለሙ፣ ማኪናይቱም ፍልሰታን ይዛለች?» ይለዋል አንዱ በትከሻው እየገፋ።

«ይዛለች እንጂ! ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ንቅንቅ አትልም» ይላል ሌላው።

አባቴ አብሮ ይስቃል። ግን ከዚያ ወዲያ ማኪናዋን ቁልቁለት ላይ፣ አፏን ወደ ጎንደር አዙሮ ማሳደር ጀመረ። እኔም ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትሁ ከገፊዎቹ ጋር እገፋለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አምፖሏን አልጠረጠርሁም። ያች የጣት ጫፍ ያን ሁሉ ብረት ታስተኛለች ብሎ ማን ያስባል?

እታለም ለምርመራ በተቀጠረችበት ቀን እንደልማዳችን ገፍተን አስነሣንና ሦስታችንም ወረድን። እርሷ ነፍሰ ጡር ናትና ጾሙ አልያዛትም፤ ከጭኗ ላይ የተቀቀለ ድንች ይዛ በአዋዜ እያጠቀሰች ትበላለች። መንገዱ ላይ ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ተገለጠና ከገደሉ ማዶ ያለው አገር ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ሐኪሙ «ከሳምንት አያልፍም» አላት። አባቴ ይህን ሲሰማ በቀጥታ ወደ ጎንደር አራዳ ሰፈር ነዳና አያ ደርሶ ከሚባሉ አሮጌ መካኒክ ጋራዥ አስገባን።

አያ ደርሶ ኮፈኑን ከፍተው ባትሪውን በጣታቸው ኳኳ አደረጉት። «ባትሪው አይደለም የታመመው። የሚጠጣው አለ።» አንዱን ገመድ ከባትሪው ፈትተው፣ በገመዱና በባትሪው መካከል መሞከሪያ አምፖል አገናኙ። «ቁልፍ ዘግተናል፣ በር ዘግተናል። እንግዲህ ይቺ መብራት የለባትም። ከበራች ሌባ አለ።»

ደብዘዝ ብላ በራች።

ፊውዝ መንቀል ጀመሩ። የሬዲዮው ወጣ፤ በራች። የጡሩምባው ወጣ፤ በራች። የመጨረሻው ሲወጣም አልጠፋችም። አያ ደርሶ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፉት።

«በፊውዝ የማያልፍ ሽቦ አለባት። ሁሉንም አውርጄ ልፈልገው ነው። ሦስት ቀን ትታችኋት ሂዱ።»

«ሦስት ቀን?» አለ አባቴ፤ ወደ እህቴ ሆድ አየ። «አያ ደርሶ፣ ሦስት ቀንስ የለኝም።»

ያኔ ገባኝ። በቀጥታ ከባትሪው። ብናገር መብራቷ ትጠፋለች፣ ስለቴ ይፈርሳል፤ የእታለም ነገር ምን ይሆናል? ዝም ብል ደግሞ ማኪናዋ እዚህ ትቀራለች። አሁን ሳስበው ግማሽ ደቂቃም አይሆንም፤ ያኔ ግን የእህቴን ፊት ስንት ጊዜ እንዳየሁት። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«አባየ፣ መጋረጃዋን ግለጣት» አልሁ።

ገለጣት። በጠራራ ቀን መብራቷ ቁልጭ ብላ ትበራለች።

እያለቀስሁ ሁሉንም ተናገርሁ። አባቴ «ይኸን ሁሉ ቀን ስንገፋ አብረሽን ስትገፊ አልነበር እንዴ!» አለ። አያ ደርሶ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ወደ ሥዕሏ ዞረው አማተቡ። ፒንሳቸውን አንሥተው ወደ ሽቦው ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት።

«እኔስ የስለት መብራት አላጠፋም። አንተ አጥፋው፣ አለሙ።»

«ለልጄ የተሳለችውን? እኔም እጄን አላነሣ።»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፒንሳውን ሲገፋፉ እታለም ጎማው ላይ ተደግፋ ተነሣች። «ስለቱ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ላንቺ።»

«እንግዲያ ወዲህ በሉት። እመቤቴ በጨለማም ታየኛለች፤ አባየ ግን ያለ ባትሪ አያደርሰኝም።» ሽቦውን ቀጭ አደረገችው። የአያ ደርሶ መሞከሪያም አብራ ጠፋች።

አያ ደርሶ ሽቦዋን ከቁልፉ ጋር አገናኟት፤ ቁልፉ ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ታርፋለች። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። አምስት ምሽት ሄጄ ከፋዩን ዳሰስሁ፤ ቀዝቅዟል። የሚሞቅ ነገር ስላጣሁ በቃሌ ብቻ ለመንሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እታለም ጠራችኝ። አባቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ገባና ቁልፉን አዞረ። ባንድ ጊዜ ተነሣች። መጋረጃዋን ሲገልጣት መብራቷም በርታለች። ኮሶዬ ላይ እህቴ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረችው፤ ምልክቱ ብዙ ቀን ነበረኝ። ጎንደር ደርሰን ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ተገላገለች። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ «ባትሪዬ» ነበር የሚላት።

ባትሪዬ ዛሬ አዘዞ የምትኖር የልጆች እናት ናት። የመሳቢያውን አምፖል ታሪክ በስልክ ስነግራት ሳቋ አላስጨርስ አለኝ። «አክስቴ፣ ዛሬም ባትሪ ትጨርሻለሽ?» አለችኝ።

ያች የከፋይ መጋረጃ አሁን እኔ ዘንድ፣ ከጸሎት ሥዕሌ ላይ ተሰቅላለች። ከግርጌዋ አምፖሏ ያጠየመቻት አንድ ቦታ አለ። ማታ ጸሎቴን ስጨርስ መጀመሪያ ጧፌን አጠፋለሁ፤ ከዚያ መጋረጃዋን እዘጋለሁ። ከዚያም ልማድ ሆኖብኝ እጄን ከፋዩ ላይ አሳርፋለሁ።

ቀዝቃዛ ነው። ይበቃኛል።